«ቆዪ» — ቤት ውስጥ ሥራ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ

ውድ ወላጆች፣

ባለፈው ወር በሁለተኛው ክፍል ለልጆቹ አንድ ቀላል ልምምድ ሰጥተን ነበር። «ቤታችሁ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የምትሰሟቸውን አምስት የአማርኛ ቃላት ጻፉ» አልናቸው። ዓላማው የፊደል ልምምድ ነው፣ ሌላ ነገር አላሰብንም። «እንጀራ»፣ «ውሃ»፣ «እማዬ» ብለው ይጽፋሉ ብለን ነበር። ወረቀቱን ስንሰበስብ ግን ከግማሽ የሚበልጡት ልጆች ከላይ ያስቀመጡት አንድ ቃል ሆኖ ተገኘ፦ «ቆይ»። ሴቶቹ ደግሞ «ቆዪ»። ከሥሩ «ዝም በል»፣ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ስልክ ላይ ነኝ» ይከተላል። አንዱ ልጅ አምስተኛው መስመር ላይ «እሺ እሺ እሺ» ብሎ ጽፏል። የአባቱን ድምፅ የምታውቁ ከሆነ ትስቃላችሁ።

እኔም እየሳቅሁ ነበር የማገላብጠው፣ የራሴን ልጅ ወረቀት እስካገኝ ድረስ። «ቆዪ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች። «ለምን ደገምሽው?» ስላት «ሁለቴ ነው እኮ የምትዪው፤ ቆዪ ቆዪ ነው የምትዪኝ» አለችኝ።

ብዙዎቻችሁ ከክፍል በኋላ በሻይ ሰዓት «ይኼ የዌብሳይት ሥራ እንዴት ነው? ቤት ሆነው ነው የሚሠሩት አይደል? ለልጆቹ ጥሩ ነው አይደል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም «አዎ፣ ደስ ይላል» ብዬ አልፋለሁ። ልጅ ኮቱን እየጎተተ፣ መኪና በር ላይ ቆሞ ረጅም መልስ አይሰጥማ። ያ ወረቀት ካስደነገጠኝ በኋላ ግን ረጅሙን መልስ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። ሥራውንም ልጆቹንም አብሬ ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ሲሆን ሁለቱ አይለያዩም።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አብዛኞቻችን ወይ ጄፒ ነን፣ ወይ ጄፒ የሚውል ሰው ቤት ውስጥ አለን። መንገዱ ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፤ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ጎዳና ነው የሚባለው። ራሂማ ሙሳ በፈረንጆቹ ኦገስት 9 ቀን 1956 ወደ ፕሪቶሪያ የተጓዙትን ሴቶች ከመሩት አራት ሴቶች አንዷ ናት። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይማሩታል፤ እኛ ግን አሁንም «ጄፒ» እንላለን። ድሮ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበሩት ፎቆች ዛሬ ከምድር ቤት እስከ ላይ በመጋረጃ፣ በብርድ ልብስ፣ በጫማና በልጆች ልብስ የተሞሉ ትንንሽ ሱቆች ናቸው። ገዢው ከዚምባብዌ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከቦትስዋና ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ ስለሚመጣ ሱቁ ማልዶ መከፈት አለበት። የእኔ ባለቤት ሲወጣ ልጆቹ ተኝተዋል። ሲመለስ ደግሞ እግሩን እያሸ ዜና ያያል። አልፈርድበትም። ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው የምትኖሩት። ስለዚህ አንድ ወላጅ «ቤት ሆኜ ብሠራ» ሲል የሚመኘው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን ማየት ነው። እኔም በዚሁ ምኞት ነው የጀመርኩት። ትልቋ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር።

ሥራው ይህን ይመስላል። ለሱቅ፣ ለምግብ ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለጉዞ ወኪል ዌብሳይት እሠራለሁ። የጄፒ ነጋዴ በአብዛኛው የሚፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም፤ የዕቃው ፎቶ፣ ዋጋ፣ የሱቁ ቁጥርና ፎቁ፣ ከዚያ ሲነኩት ቀጥታ ወደ ዋትስአፕ የሚወስድ ምልክት። ሐራሬ ያለው ገዢ ከመሳፈሩ በፊት ዕቃው መኖሩን ያይበታል። የቀሩት ደንበኞቼ አዲስ አበባና አሜሪካ ናቸው፤ አንዳንዶቹን በአካል አይቻቸው አላውቅም።

መጀመር ለምትፈልጉ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። ግማሹን ክፍያ በቀብድ ሳትቀበሉ ኮምፒውተር አትክፈቱ። እኔ ይህን የተማርኩት ለአንድ ለምናውቀው ሰው ሙሉ ዌብሳይት በይሉኝታ ሠርቼ አስረክቤ፣ እሱም «ነገ» እያለኝ እስከ ዛሬ ነገ ሳይመጣ ቀርቶ ነው። ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ፣ በደንበኛው ስም አስመዝግቡ፤ በእናንተ ስም ካደረጋችሁት ዓመት ጠብቆ ጠብ ይሆናል። ከአንድ ጊዜ ክፍያ ይልቅ በየወሩ የምትቀበሏትን ትንሽ የጥገና ክፍያ ውደዱ፤ የፋይበሩንና የዳቦውን የምትሸፍነው እሷ ናት። በራሱ ስም የሚሠራ ሰው ደግሞ ለሳርስ ፕሮቪዥናል ታክስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኦገስትና በፌብሩዋሪ መጨረሻ እንደሚያስታውቅ አትርሱ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔ የማወቀው ነገር አልነበረም፤ ከነቅጣቱ ተማርኩት። ሌላው ሌላው ከዩቲዩብ ይገኛል።

ከዩቲዩብ የማይገኘው የሰዓቱ ነገር ነው።

ጆሃንስበርግ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን የአገር ቤት ሰው በኛ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፣ ስልኬ ደግሞ በፈረንጅ። አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እንነጋገር» ብሎኝ እኔ ከምሳ በኋላ መስሎኝ ተዘናጋሁ። ሰውየው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነበር፤ እዚህ ገና አንድ ሰዓት፣ ልጆቹን ጫማ የማስርበትና ምሳ ዕቃ የምዘጋበት ሰዓት። ስልኩ ሲጮህ አንዱ እጄ ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሌላው ላይ የትንሹ ካልሲ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገር ቤት ቀጠሮ ሲያዝ «በጠዋቱ ነው በማታው? በእናንተ ነው በኛ?» ብዬ ሁለቴ ነው የምጠይቀው።

አሜሪካ የባሰ ነው። ዋሽንግተን ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እነሱ በኖቬምበር ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 5 ሰዓት ይሆናል፤ ደቡብ አፍሪካ ሰዓት አትቀይርምና። ስለዚህ ቀኑን አዲስ አበባና ጄፒ ይወስዱታል፣ ማታውን አሜሪካ። መሀል ላይ ያለችው ሰዓት የልጆች ናት ብዬ አስብ ነበር። በዚያች ሰዓት ላይ ግን ኢሜይል እመልሳለሁ። ቤት ነኝ፣ ልጆቼ አጠገቤ ናቸው፣ ጆሮዬ ላይ ግን ማዳመጫ አለ። ሱቅ የሚውለው አባታቸው ሲመጣ ቢያንስ መጣ ይባላል፤ እኔ ግን ከየት ልምጣ? ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበርኩ።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ልጆቼ ጥሩ አማርኛ ያገኙበት ዘመን ሎድ ሼዲንግ የነበረበት ነው። በ2023 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ መብራት በተራ ሳይጠፋ ያለፈበት ቀን ጥቂት እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ በዓመቱ ከ300 ቀን በላይ ተጠፍቷል። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ አራት። ኢንቨርተር ገና አልገዛንም፤ ለዋይፋዩ ብቻ ትንሽ ባትሪ ነበረችን፣ እሷም እያረጀች ስትሄድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አትቆይም። ደንበኛ ይጮሃል፣ እኔ «መብራት የለም» እላለሁ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ሰበብ ከማንም በላይ ይረዳል። ከዚያ ሻማ አብርተን እንቀመጣለን።

ሌላ የሚደረግ ነገር ስለሌለ እንቆቅልሽ ጀመርን። ያላወቀው ሰው አገር ይሰጣል አይደል? ልጆቼ መጀመሪያ የሚሰጡኝ አገር ሶዌቶ፣ ሳንድተን፣ ደርባን ነበር። ትንሹ አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን ግቢ በሙሉ ሰጠኝ። እየቆየ ግን የኛን መጠየቅ ጀመሩ፤ «ሌላ አገር ንገሪኝ፣ ልስጥሽ» እያሉ። ጎንደር፣ ደሴ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕና፣ ደብረ ብርሃን፣ ሁሉም በየተራ ተሰጡኝ። ባለቤቴ በጨለማ ውስጥ የልጅነቱን ከብት ጥበቃ ሲያወራ እኔ ራሴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ። ማርች 2024 ላይ ሎድ ሼዲንጉ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የተመለሰው። እሰየው ነው። ሱቅም ሥራም ተነሣ። እንቆቅልሹ ግን አብሮ ጠፋ፤ መቼ እንደጠፋ እንኳ አላስተዋልኩም።

ወደ ክፍላችን ልመለስ። እኛ መምህራኑ ለረጅም ጊዜ ግራ የገባን አንድ ስሕተት ነበር። አንዳንድ ሴት ልጆች ለወንድ ጓደኛቸው «ነይ» ይላሉ። አንዳንድ ወንዶች ደግሞ እኔን «ቲቸር ና» ይሉኛል። «ለወንድ ና፣ ለሴት ነይ» እያልን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጻፍን። የእኔዋም ወንድሟን «ብዪ፣ ብዪ» እያለች ታጎርሰዋለች። ያንን የ«ቆዪ» ወረቀት ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ። ልጅቷ «ነይ»ን የምታውቀው ሰው ለእሷ ሲላት ነው። ለእሷ የሚባለው ሁልጊዜ «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ቆዪ» ነው፤ ለእሷ ቃሉ በቃ ይኸው ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እርስ በርሳቸው በአማርኛ ሲያወሩ ተቀምጣ ካልሰማች «ና» የሚባለው ለማን እንደሆነ፣ «ይምጡ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ከየት ታምጣው? በሰሌዳ ነግረናታል፣ አዎ። ግን አማርኛዋ ከትእዛዝ የተሠራ ነው፣ ያውም ለእሷ ብቻ ከተሰጠ ትእዛዝ።

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማወራው አማርኛ ነው! ከደንበኛ ጋር ስከራከር፣ ስለማመጥ፣ «እርስዎ እንዳሉት» ስል፣ «በጣም ይቅርታ፣ እስከ ሐሙስ አደርሰዋለሁ» ስል። አንድ ልጅ ሊሰማው የሚገባው የትልቅ ሰው አማርኛ በሙሉ ከእኔ አፍ ይወጣል፣ በር ዘግቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ። ልጆቼ የሚደርሳቸው በሩን ሲከፍቱ የምወረውረው «ቆዪ» ብቻ ነው።

ስለዚህ በሩን ከፈትኩት። ትልቅ ዘዴ አይምሰላችሁ። የአማርኛ ስልክ የማወራው አሁን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በድምፅ ማጉያ። ደንበኛውን አስቀድሜ «ልጆች አጠገቤ አሉ፣ ይሰማሉ» እለዋለሁ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፦ ልጅ እየሰማ ነው ሲባል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ዋጋም ሲከራከር ጨዋ ይሆናል። የገንዘብ ጭቅጭቅ ካለ ግን ወደ ጓዳ ነው የምገባው። ሁሉ ነገር ለልጅ አይሰማም።

ከዚያ ቃላቱ ራሳቸው መጡ። በእንግሊዝኛ የተሠራ ዌብሳይት ላይ «ሴንድ» የሚል ምልክት አለ፤ ለማንም ይሆናል። በአማርኛ ግን መምረጥ ግድ ነው፦ «ላክ» ልበል፣ «ላኪ»፣ «ላኩ» ወይስ «ይላኩ»? አንድ ቀን ይህንን እያሰብኩ ጮክ ብዬ ስናገር ትልቋ «ማን ነው የሚጫነው?» አለችኝ። ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው አልኳት። «ሽማግሌ ቢሆንስ?» አለች። በቃ፣ «ይላኩ» ሆነ። በሰሌዳ ሁለት ወር የፈጀብን ትምህርት እዚያች ምልክት ላይ አለቀ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥም ይህንኑ ሞከርን፤ ልጆቹ ለሱቅ፣ ለአውቶቡስና ለቤተ መጻሕፍት ምልክት ጻፉ። አንዱ «እባክዎ አይሩጡ» ብሎ ለኛ ኮሪደር ጽፏል፤ ለጥፈነዋል፣ ስትመጡ እዩት። ራሱ ግን እየሮጠ ነው የለጠፈው።

ሌላው «ካርት» የሚባለው ነገር ነው፤ ዌብሳይት ላይ የመረጥከው ዕቃ የሚጠራቀምበት። የኮምፒውተሩ ትርጉም «ጋሪ» ብሎ አወጣው። ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። «ቅርጫት» ልል ነበር፤ ለእናቴ አዲስ አበባ ደወልኩ። «ገበያ የሚወጣው በዘንቢል ነው እንጂ በቅርጫት ነው እንዴ?» አለችኝ። ልጄ ዘንቢል ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ አያቷ በቪዲዮ ከግድግዳ አውርዳ አሳየቻት። አሁን የአንድ የቅመም ሱቅ ዌብሳይት ላይ «ወደ ዘንቢል ጨምር» የሚል አለ። ደንበኛው መጀመሪያ ቅር አለው፣ በኋላ ሚስቱ ወደደችው፣ ተቀመጠ። ያስተዋላችሁ ካላችሁ፣ «ጨምር» የወንድ ነው፤ አዎ፣ ልጄም ነግራኛለች፣ ሳላስተካክል ቀርቻለሁ።

እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። አሁን የሥራዬ አራሚ ሆናለች፤ ደመወዟ የስልክ ካርድ ነው። አማርኛ ጽሑፍ ሲደርሰኝ ልጄ በስልክ ታነብላታለች፣ አያት ታርማለች። እዚህ ላይ ነው የፊደሉ ጉዳይ የሚመጣው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ነበር የሚሆነው። ዛሬ ይነበባል፣ ችግሩ ሌላ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አስቡት። «ፀ» ወይም «ጸ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ መሀሉን «ሐ»፣ «ሀ»፣ «ኀ»፣ «ሃ»፣ «ሓ» ወይም «ኃ» የሚያደርግ አለ። ቁጭ ብለን ከልጆቹ ጋር ስንጽፈው 12 ዓይነት ሆነ። ለእኛ ሁሉም ያው ፀሐይ ነው። ለኮምፒውተር ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ገዢው በአንዱ ከፈለገና ሱቁ በሌላው ከጻፈው «አልተገኘም» ይላል፤ ሁሉንም እንደ አንድ እንዲቆጥር አስቀድሞ ካልተነገረው በስተቀር። ስለዚህ «ዝም ብሎ ሀ ነው» እያሉ ከእኛ ጋር ለሚከራከሩ ልጆች፣ አንዳንዴም ለሚከራከሩ አባቶች፣ ይህችን ምክንያት ያዙልን።

ታዲያ አያትና የልጅ ልጅ በስልክ የሚያወሩት እንዲህ ሆነ፦ «በየትኛው ፀ ነው?» «በፀሐዩ ፀ።» «ሐውስ?» «በሐመሩ ሐ።» «ሰ?» «በእሳቱ ነው በንጉሡ?» እኔ ይህን ስም የተማርኩት የቄስ ትምህርት ቤት ከገባው ከአጎቴ ነው፤ ልጄ ኬንሲንግተን ተቀምጣ ከአያቷ ተማረችው። አንድ ቀን ደግሞ ለምግብ ቤት የሠራሁት ዝርዝር ላይ «ሸሮ» ብዬ ጽፌ አገኘችኝ። «ማሚ፣ ሽሮ እኮ ሳድስ ነው» አለችኝ። ዌብሳይቱ ወጥቶ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ማንም አልነገረኝም።

ያልሠራውንም ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ሁሉ የተሳካልኝ ይመስላችኋል። «እራት ላይ እንግሊዝኛ የተናገረ አንድ ራንድ ይከፍላል» የሚል ሕግ አውጥቼ ማሰሮ አስቀምጬ ነበር። ትልቋ ሰባት ራንድ ከሰረች። ትንሹ ግን ገንዘቡን ለማትረፍ ጭራሽ መናገር አቆመ። በዘጠነኛው ቀን እራት ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ማሰሮውን አነሣሁት፤ ራንዱን በአይስክሬም መለስኩላቸው። እናንተ ይህን እንዳትሞክሩት።

ሰዓቴንም ቆረጥኩት። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ኮምፒውተሩ ይዘጋል፣ ስልኩ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ይህ በነፃ አልመጣም። አንድ የአሜሪካ ደንበኛ የእሱ የማለዳ ሰዓት ላይ ስለማልገኝ ወደ ሌላ ሰው ሄደ፤ ከጥገና ክፍያዎቼ ትልቋ የእሱ ነበረች። ያን ወር ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ዝም ማለቱ ራሱ ግን ንግግር ነበር። ከ2 ሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ እደክማለሁ፣ የምሠራውም ያንሳል። አሁንም አንዳንድ ሳምንት ሕጉ ይፈርሳል፤ ዌብሳይት ሰው የማይጠብቀው ሰዓት ላይ ነው የሚበላሸው። ሲፈርስ ግን ቢያንስ «ቆዪ» ብዬ አልተውም። «ቆዪ፣ የዚህ ሰውዬ ሱቅ ዌብሳይቱ ወድቆ ገዢ እየሄደበት ነው፤ እሱን ላንሣለትና እመጣለሁ» እላታለሁ። ረጅም ነው፣ ያደክማል። ግን ያቺ አንዲት ትእዛዝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆነች፤ ውስጧ ምክንያትም አለ፣ ሌላ ሰውም አለ። ትንሹ አሁን ከጓደኛው ጋር ሲጫወት «ቆይ፣ እኔን ነገር ወድቆ» ይላል። ሰዋስዉ ገና ነው፣ ሐሳቡ ግን ገብቶታል።

ከእናንተ መካከል ቤታችሁ ሀድይኛ፣ ከምባትኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የምትናገሩ ብዙ ናችሁ፤ አማርኛው ለልጆቻችሁ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው። ይህ ሁሉ ለቤታችሁ ቋንቋም ይሠራል፣ እንዲያውም እሱን አስቀድሙ። በሁለት ቋንቋ ተረት የሰማ ልጅ ክፍላችን ውስጥ ከማንም ቶሎ ነው የሚይዘው፤ ይህን በየዓመቱ የምናየው ነው። ሱቅ የምትውሉትም ብትሆኑ ልጁን ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ሱቅ አስቀምጡት። ጄፒ ላይ ሁለት ነጋዴ በአንድ ጥቅል መጋረጃ ሲከራከሩ የሚሰማውን አማርኛ እኛ በዓመት አናስተምረውም። አንዳንዱን ቃል እንዳይደግመው ብቻ ንገሩት።

ሥራውን ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ላፕቶፕ ይዛችሁ ቅሩ። ቀብድ፣ ዶሜይንና የአማርኛ ኪቦርድ እስኪገባችሁ እቀመጣለሁ። ልጆቹንም አታስወጧቸው፤ የምልክት ጽሑፉን እነሱ ናቸው የሚጽፉት።

ባለፈው ማክሰኞ እጄ ሊጥ ውስጥ እያለ ስልክ ጮኸ። አንድ ሸምገል ያሉ ደንበኛ ናቸው። ትልቋ አነሣችው። «ጤና ይስጥልኝ። እናቴ እጇ ሊጥ ነው። ትንሽ ይቆዩ» ስትላቸው ሰማሁ። ሊጡን እንደያዝኩ ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷ ምንም የተለየ ነገር የተናገረች አልመሰላትም። ሰውየው ስቀው «እሺ የኔ ልጅ» አሏትና ስልኩን ዘጉ። የሁለት ወር የጥገና ክፍያ አለብኝ ሊሉ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅሁም። እስካሁን መልሰው አልደወሉም።